ሥራ ላይ የቀረው ጋሼ እንድሪስ

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ገብቼ ቦርሳዬን ሳላወርድ እትዬ ዘምዘም አጥሩን እየዳበሰች ግቢያችን ገባች። ስልኳን በሁለት እጇ አቅፋ እንደ ጫጩት ይዛዋለች።

«ሐዩ፣ ይቺን አንብቢልኝ እስቲ። አሁን ጮኸች። ከባንክ ይሁን፣ ወይ ያ ሎተሪ ደረሰሽ የሚለው ሌባ ይሁን አላወቅኩም።»

ዓይኗን ሞራ ስለጋረዳት የስልኩ ፊደል አይታያትም። ተቀብዬ አነበብኩ። ደግሜ አነበብኩ። ከዚያ ጮህኩ። እማዬ «ምን ነካሽ? እባብ ነው?» እያለች ከጓዳ ብቅ አለች።

«ገባ! የጋሼ እንድሪስ ግብር ተመለሰ!»

እማዬ እልል አለች። እትዬ ዘምዘም «አልሐምዱሊላህ» አለችና ፊቷን ወደ በራችን አዞረች። በሩ ላይ ማንም የለም። «ሰማህ?» አለች።

እማዬ አየችኝ፤ እኔም አየኋት። ጋሼ እንድሪስ የሞተው ከረመዳን በፊት ነው።

እንደዚያም ሆኖ ደስታዬን አልደብቅም። ያንን ግብር ያስመለሰችውን ማመልከቻ የጻፍኳት እኔ ነኝ! አሥረኛ ክፍል ነኝ፤ ከዚያ በፊት ከድርሰት ፈተና በቀር የጻፍኩት ነገር አልነበረም። አሁን እጄ አላርፍ ብሎኛል፤ የማልረሳውን ሰው ልጽፍ ነው።

ጋሼ እንድሪስና እትዬ ዘምዘም የግድግዳ ጎረቤቶቻችን ናቸው። ልጅ የላቸውም፤ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ የእነሱ ነን። ከከተማችን ከከሚሴ ወጣ ብሎ፣ አስፋልቱ የጨፋን መስክ ቁልቁል በሚያይበት ቦታ፣ አንድ የማሾ ማበጠሪያ መጋዘን አለ። ጋሼ እንድሪስ የዚያ ሚዛነኛ ነበር። ገበሬው ማሾውን ይዞ ሲመጣ «ጫን!... ቁም!... አውርድ!» የሚለው እሱ ነው። ድምፁ ወፍራም ሆኖ መጨረሻው ላይ ይሰነጠቃል። ማታ ሲመጣ ቅንድቡ ላይ አቧራ ተኝቶበት አረንጓዴ ሽማግሌ ይመስላል። ትናንሽ ልጆች ሳለን በብብታችን ያነሳንና ይመዝነናል።

«ሐዩ ዛሬ ከብደሻል። ወይ በልተሻል፣ ወይ ዋሽተሻል።»

«በልቼ ነው ጋሼ!»

«ምን በላሽ?»

«ሥጋ!»

«በማክሰኞ ምድር ሥጋ? በይ እንግዲህ፣ ያከበደሽ ውሸቱ ነው።»

አንድ ነገሩ ግን ያኔም ያስፈራኝ ነበር። አንድ ነገር ሲጠይቃችሁ መልሱን የሚጠብቀው ዓይናችሁን እያየ አይደለም፤ በትከሻችሁ ላይ አሻግሮ ነው፣ ከኋላችሁ የቆመ ሌላ ሰው የሚመልስለት ይመስል። ስንቴ ዘወር ብዬ አይቻለሁ! ማንም የለም።

«ሰው ከቦታው ሲነሳ ነገሩ ሁሉ አብሮት አይነሳም፤» ይል ነበር። «ቀስ ብሎ የሚከተል አለ። ጨርሶ የማይከተልም አለ።»

«ያዙኝ! የጂን ወሬውን ጀመረ፤» ብላ እትዬ ዘምዘም ትስቃለች። እሱ አይስቅም።

ባለፈው ዓመት መጋዘኑ ተዘጋ። ባለቤቱ ሠራተኞቹን ሰብስቦ የስንብት ገንዘባቸውን ሰጣቸው፤ የስንብት ደብዳቤያችሁን በኋላ ትወስዳላችሁ አላቸውና ሄደ። ያ «በኋላ» እስከ ዛሬ አልደረሰም። ገንዘቡ የብዙ ወር ደመወዝ የሚያህል ነበር፤ ግብሩ ሲቆረጥበት ግን በአንድ ወር ሠርቶ ያገኘው ተደርጎ ታየና በከፍተኛው የግብር ልክ ተሰላ። ይህን ሁሉ አሁን ነው ያወቅኩት። ያን ቀን ጋሼ እንድሪስ ገንዘቡን ለሚስቱ ሲሰጣት ያላት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ቀለለኝ ዘምዘም። የሆነ ነገር ጎድሎበታል።»

ከሚስቱ በቀር ለማንም አልተናገረም። በማግስቱ ሰማያዊ ጋዋኑን ለብሶ፣ እንደ ወትሮው በማለዳ ወጣ። በየበሩ ለቆመው ሁሉ «ሆጂን ዴመ!» አለ፣ ወደ ሥራዬ ልሂድ ማለቱ ነው። እኛም እንደ ወትሮው «ነጋን ዴሚ!» አልነው፣ በሰላም ሂድ። በሦስተኛውም ቀን፣ በሚቀጥለው ወርም እንዲሁ።

አንድ ቅዳሜ የባዮሎጂ አስተማሪያችን ከረግረጉ ዕፅ ለቅማችሁ አምጡ ስላለን ወደ ጨፋ ወረድኩ። ጉሙ ከመስኩ ገና አልተነሳም። ከብት ሲያገሳ ይሰማል፤ ከብቱ አይታይም። በመጋዘኑ አጥር ጥግ ሳልፍ ድምፁን ሰማሁት።

«ጫን!»

ከዚያ ዝም አለ፤ ጆንያ የሚነሳበትን ያህል።

«ቁም!... አውርድ!»

ጋሼ እንድሪስን ሰላም ልበለው ብዬ ወደ በሩ ሄድኩ። በሩ በሰንሰለት ታስሯል። ሰንሰለቱ ዝጓል፤ ቁልፉ ላይ ሸረሪት አድርታለች። በቆርቆሮው ቀዳዳ አጮልቄ አየሁ። ሰፊ ባዶ ወለል፤ መሀሉ ላይ ብቻውን የቆመ ሚዛን። ጆንያ የለም። ሰው የለም።

«አውርድ!» አለ ከውስጥ፣ መጨረሻው ላይ እየተሰነጠቀ።

ዘልዬ ዞርኩ። ጋሼ እንድሪስ ከመንገዱ ማዶ፣ ዋርካው ሥር፣ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። አፉ ዝግ ነው።

«ሰማሽው?» አለኝ።

«ማንን ጋሼ?»

«እሱን።» በአገጩ መጋዘኑን አሳየኝ። «መጋዘኑ ከተዘጋ ቆየ። እኔ ወጣሁ። እሱ እንቢ አለ።»

«ማነው እሱ?»

በትከሻዬ ላይ አሻግሮ አየ። «ለምሳ እንኳ አይወጣም። በየቀኑ እመጣና፣ ና እንሂድ፣ ዘምዘም ትጠብቃለች እለዋለሁ። ሥራ ይዣለሁ ይለኛል።»

የገደል ማሚቶ ይሆናል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ግን የማን ማሚቶ? ዕፁን ሳልለቅም እየሮጥኩ ቤቴ ገባሁ።

«እማዬ፣ መጋዘኑ እኮ ተዘግቷል! ጋሼ እንድሪስ ሥራ የለውም!»

እማዬ ሽንኩርት መክተፏን አላቆመችም። «አውቃለሁ።»

«ታዲያ በየጠዋቱ ነጋን ዴሚ የምትይው ምን ብለሽ ነው?»

«ራሱ እስኪናገር የሰው ገመና ይሸፈናል፤ የሰውን የሸፈነ የእሱን አላህ ይሸፍንለታል። አፍሽን ያዢ።»

«ድምፅም ሰማሁ...»

«አልሰማሽም።»

ለካ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል! ሰፈሩ ሁሉ እያወቀ፣ በየማለዳው ከበሩ ወጥቶ ሥራ የሌለውን ሰው ወደ ሥራው ይሸኛል።

በዚህ መሀል የእትዬ ዘምዘም ዓይን ባሰበት። በርበሬና ቀይ ምስር መለየት አቃታት። ደሴ ያያት ሐኪም ሞራው በቀዶ ሕክምና ይገፈፋል፣ ብዙ ከቆየ ግን እኔም አልደርስበትም አለ። የስንብቱ ገንዘብ ደግሞ በአስቤዛና በዕዳ አልቆ ነበር። ያኔ ነው ጋሼ እንድሪስ ሰንበቴ ገበያ ላይ ከድሮ የሥራ ባልደረባው ጋር የተገናኘው። ሰውየው «እንድሪስ፣ ግብሩ እኮ በዝቶ ነው የተቆረጠብን፤ ጠይቄ የእኔን መለሱልኝ!» አለው። ጋሼ እንድሪስ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሚስቱ ጋር የሚያወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ግብሩ ይመለሳል፣ ዘምዘም ደሴ ትሄዳለች።

ገቢዎች ቢሮ የተቀበለችው ልጅ ትሑት ነበረች ብሎ ኋላ ላይ ነግሮናል።

«አባቴ፣ ይሄ የስንብት ክፍያ ከሆነ በእርግጥ በልጦ ተቆርጦብዎታል፤ ይመለስልዎታል። ግን ስንብት ይሁን ደመወዝ በምን ልወቅ? ከሥራ የወጡበትን ደብዳቤ ያምጡልኝ።»

«ደብዳቤውን የሚጽፈው ሰው የለም፤ ሄዷል።»

«እንግዲያው ቀበሌዎ ጎረቤት ጠይቆ ይጻፍልዎት።»

የቀበሌ ሰዎች አንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ሰፈራችን መጡ። ለምን እንደመጡ አልተናገሩም፤ ጋሼ እንድሪስም አፍሮ ለማንም አልነገረም። እማዬ ወገቧን ይዛ ቀድማ ወጣች።

«እንድሪስ ሥራ አለው ወይ? ይሄ ምን የሚሉት ጥያቄ ነው! ጎህ ሲቀድ የሚወጣ ሰው!»

«ዛሬም ወጥቷል?»

«ወላሂ በዓይኔ አይቼዋለሁ!»

ባለሱቁም ማለ። የማዕዘኗ ልብስ ሰፊም ማለች። ጎረቤታቸውን ከሐሜት ያዳኑ መስሏቸዋል። ደግሞ አንዳቸውም አልዋሹም፤ ሲወጣ አይተውታል። ቀበሌው «ግለሰቡ በሥራ ላይ ይገኛሉ» ብሎ ማኅተሙን አሳረፈበት። ግብሩ አይመለስም ማለት ነው።

ጋሼ እንድሪስ ያን ቀን ቤቱ ሳይገባ የእኛ ደፍ ላይ ተቀመጠ። ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ ነበር።

«አሸነፈኝ ሐዩ። የተመሰከረው ለእሱ ነው። ሥራ ላይ ነው ብለው ማሉለት። የለህም የተባልኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ተምታታ። አንድ ቀን ባለሱቁ «አሁን በዚህ ወደ ሥራው ሲያልፍ ሰላም አልኩት» ብሎ ሲምል፣ ጋሼ እንድሪስ እቤቱ አልጋ ላይ ተኝቶ እትዬ ዘምዘም እግሩን በቅቤ ታሽለት ነበር፤ እኔም ቅቤውን ያዥልኝ ብላኝ አጠገቧ ነበርኩ። ባለሱቁ የሚዋሽ ሰው አይደለም። እኔም የተኛውን ሰው አይቻለሁ። ጋሼ እንድሪስ ዓይኑን ሳይገልጥ «ሰላምታውን መለሰለት?» ብሎ ብቻ ጠየቀ።

በመጨረሻ እንዲናገር የገፋፋችው እትዬ ዘምዘም ናት። «ዓይኔ ይጥፋ፤ አንተ ግን አትጥፋብኝ፤» አለችው። ሐሙስ ሼህ ኑሩ ቤት ወዳጃ ነበር። እኛ ዘንድ የጨነቀው ሰው ጉዳዩን ይዞ ወዳጃ ይገባል፤ ይናገራል፣ ሼሁ ዱዓ ያደርጋሉ፣ ቤቱ አሚን ይላል። ጫቱ ተዘርግቶ፣ ወንዶቹ በዚያ፣ ሴቶቹ በዚህ ተቀምጠን ሳለ ጋሼ እንድሪስ ከወንዶቹ መሀል ተነሳ። ጋዋኑን አልለበሰም።

«ጉዳይ አለኝ፤ ዱዓ አድርጉልኝ። ከመጋዘኑ ወጥቻለሁ። ሥራ የለኝም። በየማለዳው ሆጂን ዴመ የምላችሁ አፍሬ ነው።»

ከጥግ አንድ ሽማግሌ «አይ እንድሪስ! ይሄን ልትነግረን ነው ምርቃናችንን ያቋረጥከው? እናውቅ የለ!» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

እማዬ ከሴቶቹ በኩል «ሸፍነንህ እኮ ነው ወንድሜ!» አለች።

«ሸፍናችሁ ቀበራችሁኝ እህቴ!» አለ። «በሥራ ላይ ነው ብላችሁ መሰከራችሁ፤ ግብሬ ቀረ። የዘምዘም ዓይን በእናንተ ሽፋን ሊጠፋ ነው።»

እማዬ ሻሿን አፏ ላይ ያዘች።

ሼህ ኑሩ፣ «ገመና የሚሸፈነው ሰውየው እንዲተነፍስ ነው፤ እስኪታፈን አይደለም፤» አሉ። «የመሰከራችሁ ሁሉ ነገ ሂዱና ያያችሁትን ከነመጨረሻው ተናገሩ። አንተም እንድሪስ፣ ያንን ሰው አላህ ከዚያ እንዲያወጣልህ ዱዓ እናደርጋለን።»

ስለ «እሱ» ማንም ለሼሁ አልነገራቸውም ነበር። ሆኖም ሁላችንም አሚን አልን።

ጎረቤቶቹ ተመልሰው መሰከሩ። አሁን ግን ቀበሌው ሁለት ቃል ያዘ፤ ትናንት ሥራ አለው፣ ዛሬ የለውም። ሁለቱን የሚያስታርቅ ማመልከቻ ያስፈልጋል ተባለ። ጋሼ እንድሪስ ወረቀትና እስክሪብቶ ገዝቶ መጣ። «አንቺ ጻፊልኝ።»

አንድ ሙሉ ገጽ ጻፍኩለት። በታላቅ ትሕትና አለበት፣ እንባ አለበት፣ የጨለመ ዓይን አለበት፣ ምን የሌለበት! ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠኝ። ከዚያ ወረቀቱን ተቀብሎ መዳፉ ላይ አስቀመጠና እጁን ከፍ ዝቅ አደረገ።

«ከብዷል። አውጪለት።»

እንባውን አወጣሁ። «አሁንም ከብዷል።» ትሕትናውን ቀነስኩ። እየተናደድኩ ሰረዝኩ፣ ቀደድኩ፣ እንደገና ጻፍኩ። በመጨረሻ የቀረችው ይቺ ብቻ ነበረች፦ «ጎረቤቶቼ ጠዋት ጠዋት ስወጣ ያዩኝ እውነት ነው። የምሄደው ወደ ተዘጋው መጋዘን ነበር። ሥራ የለኝም ማለት አፍሬ ነው።»

መዳፉ ሳይንቀሳቀስ ቆየ። «ይቺ ልክ ናት፤» አለ።

እዚያች ደቂቃ ላይ ነው ጸሐፊ የሆንኩት። ካላመናችሁኝ ተዉት!

ገቢዎች ቢሮ አብሬው ሄድኩ። ልጅቷ አነበበችና ቀና አለች። «ቆይ፣ የተዘጋ መጋዘን ሄደው ምን ያደርጉ ነበር?»

«ሰው ልጠራ ነበር የምሄደው።»

«መጣልዎት ታዲያ?»

«ገና ነው።»

ልጅቷ ወደ እኔ አየች። እኔ ጣሪያውን ማጥናት ጀመርኩ። ማመልከቻውን ግን ተቀበለችው፤ ተጣርቶ መልሱ ይነገርዎታል አለችው።

ከዚያ ወዲህ ጋሼ እንድሪስ በማለዳ መውጣቱን ተወ። እኛ ከልማዳችን በየበራችን እንቆማለን፤ እሱ አይመጣም። አፍረን እንገባለን። መልሱን እየጠበቀ ሳለ አንድ ቀን ዙህር ሰግዶ ግድግዳውን ተደግፎ እንደተቀመጠ አረፈ። አልታመመም፤ አልጠራም። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

የቀብሩን ነገር የነገረን አባዬ ነው። ትከሻውን እያሻሸ ገባ።

«ከቤት ስናወጣው ላባ ነበር፤ ሰውየው ድሮም ቀጭን ነው። በመጋዘኑ በር ስናልፍ ግን ድንገት ቃሬዛው ከበደን። ሁላችንንም! ልናወርደው ስንል ሼህ ኑሩ አትቁሙ፣ ሂዱ፣ መጥቷል አሉን። ከዚያ እስከ መቃብሩ ሁለት ሰው እንደተሸከምን ነው የሄድነው።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ደፍሬ ወደ መጋዘኑ ወረድኩ። ሰንሰለቱ እንዳለ ነው፤ ሚዛኑም። ጆሮዬን ቆርቆሮው ላይ ለጥፌ ብዙ ቆየሁ። ዝም ነው። ከዚያ ወዲህም ዝም ነው።

እትዬ ዘምዘም ከሸሪዓ ፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ አውጥታ፣ እኔ እጇን ይዤ፣ ስንት ጊዜ ተመላለስን። እና ማክሰኞ ገባ! እኔ ግቢው ውስጥ እዘላለሁ፣ እማዬ እልል ትላለች፣ እትዬ ዘምዘም ግን ስልኳን ይዛ እንደቆመች ነው።

«እትዬ፣ ምነው? ደሴ ልትሄጂ እኮ ነው! ሞራው ሊገፈፍ ነው!»

«እሱን ነው የፈራሁት።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ከሰዓት፣ አስር ከተሰገደ በኋላ ይመጣል ሐዩ። በዚህ ዓይኔ ሌላው ሁሉ ጉም ነው፤ አንቺም ጉም ነሽ። እሱን ግን ጥርት አድርጌ አየዋለሁ። መውጣቱን ትቷል፤ አሁን መግባት ብቻ ነው። ጋዋኑን ያወልቃል፣ በሩ አጠገብ እንደደከመው ሰው ይቀመጣል። አይናገርም። ሐኪሙ ሞራውን ሲያነሳ እሱንም አብሮ ቢያነሳብኝስ?»

እማዬ ደግፋ ደፉ ላይ አስቀመጠቻት።

ትናንት ግን ራሷ መጣች። «እሄዳለሁ፤» አለች። «የለፋው ለዚህ ነው። ግን ከእኔ ሌላ ያየው ዓይን እንዳለ ሰምቼ ልሂድ። አንቺ ትጽፊ የለ? ጥሪልኝ።»

ስለዚህ እየጠራኋችሁ ነው። እሷ ደሴ ከመሄዷ በፊት፣ በመጪው ሐሙስ ከዙህር በኋላ፣ እትዬ ዘምዘም ቤት ወዳጃ አለ። የከሚሴ ሰዎች ኑ፤ ለገበያ የመጣችሁም፣ በመንገድ የምታልፉም ኑ፤ ቤቱን ማንንም ብትጠይቁ ያሳያችኋል። ጋሼ እንድሪስን ከረመዳን ወዲህ ያያችሁት ካላችሁ፣ እባካችሁ አትሸፍኑት። አጠገቧ ቁጭ በሉና የት እንዳያችሁት፣ ፊቱ ደህና መሆኑን በጆሮዋ ንገሯት። ያላያችሁትም ኑ፤ አሚን የሚል ሰው ያስፈልገናል። አስር ሲሰገድ ግን ጠጋ ጠጋ በሉና በሩ አጠገብ ያለውን ቦታ ክፍት ተዉልን።